በጩኸት መካከል ያለች ሹክሹክታ፦ በኮምፒውተር በሚመሩ እቶኖች ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን ፈልጎ ስለማግኘት

አንድ የብረት ማጠንከሪያ የኤሌክትሪክ እቶን አለ እንበል። በውስጡ 200 ኪሎግራም የሚመዝኑ የማርሽ ብረቶች ተደርድረዋል፤ ኮምፒውተሩም የእቶኑን ሙቀት በ850 ዲግሪ ሴልሺየስ ጠብቆ እንዲያቆይ ታዟል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን አንድ ቦታ አይረጋም። ወደ 879 ይወጣል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ወደ 821 ይወርዳል፤ መልሶም ይወጣል። ኮምፒውተሩ ያየውን ያምናልና ማሞቂያውን ሲያበራና ሲያጠፋ ይውላል። በመጨረሻ ብረቶቹ ወጥተው ሲመረመሩ እንደታሰበው ሳይጠነክሩ ይገኛሉ። የቀኑ ሥራ፣ የኤሌክትሪክ ወጪውና ብረቱ በከንቱ ቀሩ ማለት ነው።

የጥገና ባለሙያው ቴርሞካፕሉን ይለውጣል፤ ለውጥ የለም። መቆጣጠሪያውን ይለውጣል፤ አሁንም ለውጥ የለም። ከዚያ ወዲያ የሚወቀሰው ኮምፒውተሩ ነው። ይሁን እንጂ ከሦስቱ አንዳቸውም ላይበላሹ ይችላሉ። የተበላሸው በመካከላቸው የሚተላለፈው መልእክት ነው። መሐንዲሶች ይህን የመልእክት መበከል የኤሌክትሪክ ኖይዝ ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የኤሌክትሪክ ረብሻ እያልን እንጠራዋለን። ረብሻው ከየት እንደሚመነጭ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚገባና በምን ዘዴ ተከታትለን ልንይዘው እንደምንችል፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ብዙም ሳንርቅ ለመመልከት እንሞክራለን።

የቴርሞካፕል ትንሽ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ዮሐን ዜቤክ የተባለው ሳይንቲስት ሁለት የተለያዩ ብረቶችን አጋጥሞ ዑደት ሠራና አንደኛውን መጋጠሚያ ሲያሞቀው በአጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ከቦታው እንደሚንቀሳቀስ አስተዋለ። እርሱ ራሱ ነገሩን የማግኔት ጠባይ አድርጎ ተረድቶት ነበር፤ በኋላ ግን መርፌውን ያንቀሳቀሰው በዑደቱ ውስጥ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ከረንት መሆኑ ታወቀ። ዛሬ በየእቶኑ ውስጥ የሚገባው ቴርሞካፕል የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው። በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ክሮሜልና አሉሜል ከተባሉ ሁለት ቅይጦች የሚሠራ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት 41 ማይክሮ ቮልት ገደማ ያመነጫል። አንዱ ጫፍ በ1000 ዲግሪ፣ ሌላው በዜሮ ዲግሪ ቢሆን እንኳ ጠቅላላው ቮልቴጅ 41.3 ሚሊ ቮልት ገደማ ቢሆን ነው።

ይህን ቁጥር አሁን ከጎረቤቱ ጋር እናስተያየው። እቶኑን የሚያሞቀው መስመር 220 ቮልት ነው። ይህም የአንድ ዲግሪን መልእክት ከሚሸከመው 41 ማይክሮ ቮልት ከ5 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይበልጣል። የእቶኑ ኃይል 30 ኪሎ ዋት ቢሆን፣ ማለትም ከሰባት በላይ የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ከሚወስዱት ኃይል ጋር ቢስተካከል፣ በባለ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ መስመር በእያንዳንዱ ሽቦ 45 አምፔር ገደማ ይፈስሳል። እንግዲህ የቴርሞካፕሉ ሽቦ ከዚህ ሁሉ ጩኸት አጠገብ ተዘርግቶ በሹክሹክታ የሚናገር መልእክተኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ረብሻ የተፈጥሮ ነገር ከሆነ ምን ማድረግ ይቻላል? በእርግጥ ሊወገድ የማይችል ረብሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 ጆን ጆንሰንና ሃሪ ናይኲስት፣ አንዱ በመለካት ሌላው በሒሳብ፣ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ያለው ነገር በሙቀቱ ምክንያት ብቻ ረብሻ እንደሚያመነጭ አሳዩ። ነገር ግን የ100 ኦም ተቃውሞ ያለው ሽቦ በክፍል ሙቀት፣ በ10 ኸርዝ የድግግሞሽ ስፋት የሚያመነጨው ረብሻ 4 ናኖ ቮልት ያህል ነው። ይህ በኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ሲመነዘር ከአንድ ዲግሪ አሥር ሺሕኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሚታየው የብዙ ዲግሪ መናወጥ የተፈጥሮ ዕዳ አይደለም። ሰው የዘረጋው ሽቦና ሰው የሠራው መሣሪያ ያመጣው ነው፤ ሰው ያመጣውን ደግሞ ሰው ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል።

ረብሻው የሚገባባቸው በሮች

የመጀመሪያው በር መግነጢሳዊ መስክ ነው። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ በአንድ የሽቦ ቀለበት ውስጥ የሚያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ሲለዋወጥ በቀለበቱ ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። የቴርሞካፕሉ ሁለት ሽቦዎች 3 ሜትር ያህል ርቀት ጎን ለጎን ቢሄዱና በመካከላቸው የ1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖር፣ 0.03 ካሬ ሜትር የሆነ ጠባብና ረጅም ቀለበት ሠሩ ማለት ነው። 45 አምፔር የተሸከመ አንድ የኃይል ሽቦ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት አብሯቸው ቢሄድ፣ በቀለበቱ ላይ 90 ማይክሮ ቴስላ ገደማ መስክ ያሳርፋል። የመስመሩ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ በቀለበቱ ውስጥ የሚፈጠረው ቮልቴጅ 0.85 ሚሊ ቮልት ይደርሳል። ይህ ትንሽ ይምሰል እንጂ በቴርሞካፕል ቋንቋ ወደ 21 ዲግሪ ይጠጋል። ጫፉ ሲታሰብ ደግሞ 29 ዲግሪ ነው።

ሁለተኛው በር የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ሽቦዎች ሳይነካኩ የካፓሲተርን ሥራ ይሠራሉ። በአንደኛው ላይ ያለው ቮልቴጅ በፈጠነ መጠን ወደ ሌላው የሚሻገረው ከረንትም ይጨምራል።

ሦስተኛው በር የጋራ መንገድ ነው። የእቶኑ የቁጥጥር ሣጥን በአንድ ቦታ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በሌላ ክፍል ከመሬት ጋር ተያይዘው ይሆናል። ሁለቱ የመሬት ነጥቦች ምንጊዜም እኩል ቮልቴጅ አላቸው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በመካከላቸው ልዩነት ካለና በመገናኛ ገመድ ከተያያዙ፣ ከረንቱ በገመዱ በኩል ሄዶ በመሬት በኩል ይመለሳል። ይህም የመሬት ቀለበት ይባላል። አፈር ሲደርቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ስለሚጨምር፣ በክረምት ያልነበረ ችግር በበጋ ብቅ ቢል ሊያስደንቀን አይገባም።

አራተኛው በር አየር ነው። ድንገት የሚቆረጥ ወይም ድንገት የሚጀምር ከረንት ሁሉ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። በእቶን ውስጥ የዚህ ዋነኛ ምንጮች ታይሪስተሮች፣ ኮንታክተሮችና የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎች ናቸው።

ስለ ታይሪስተር ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ታይሪስተር የማሞቂያውን ኃይል በሁለት መንገድ ሊመጥን ይችላል። በአንደኛው መንገድ እያንዳንዱን የመስመር ሞገድ ከመካከሉ ቆርጦ ያሳልፋል። ቆረጣው ልክ በሞገዱ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ቮልቴጁ ከዜሮ ተነሥቶ በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ 311 ቮልት ይደርሳል። ይህ ስለታም ጠርዝ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። በሁለተኛው መንገድ ታይሪስተሩ ሞገዱ በዜሮ በኩል እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቅና ሙሉ ሙሉ ዑደቶችን ያሳልፋል ወይም ያስቀራል። ኃይሉ እኩል ነው፤ ረብሻው ግን በእጅጉ ይለያያል።

ሐሰተኛው ማዕበል

አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ የመስመሩ ረብሻ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ አማካዩ ዜሮ ነው፤ ታዲያ በስክሪኑ ላይ ዝግ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ቁጥር እንዴት ሊታይ ቻለ?

መልሱ ኮምፒውተሩ የሚያየው ያለማቋረጥ ስላልሆነ ነው። ብዙ ጊዜ ናሙና ይወስዳል፤ ለምሳሌ በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ። የመስመሩ ድግግሞሽ ልክ 50 ኸርዝ ቢሆን፣ ኮምፒውተሩ ሞገዱን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ያገኘዋል፤ የሚያነበውም የማይለወጥ የሐሰት ጭማሪ ይሆናል። ድግግሞሹ ወደ 49.9 ዝቅ ቢል ግን እያንዳንዱ ናሙና ካለፈው በአንድ ዐሥረኛ ዑደት ይንሸራተታል። በዚህ ምክንያት በ10 ሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚመላለስ፣ 29 ዲግሪ የሚወጣና 29 ዲግሪ የሚወርድ ማዕበል በስክሪኑ ላይ ይታያል። ማዕበሉ የለም፤ ነገር ግን ፍጹም እውነተኛ ይመስላል።

ሐሰቱ ወደ ተግባር የሚለወጠው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ብዙ መቆጣጠሪያዎች ስሕተቱ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደሚለወጥም ያሰላሉ። ፈጣን ለውጥ ሲያዩ በኃይል ምላሽ ይሰጣሉ። በዚህም የተነሣ ማሞቂያው ከዜሮ ወደ ሙሉ ኃይል፣ ከሙሉ ኃይል ወደ ዜሮ ይወረወራል። ከዜሮ በታችና ከመቶ በመቶ በላይ መሄድ ስለማይችል አማካዩ ኃይል እቶኑ ከሚያስፈልገው ሊርቅ ይችላል። በዚህ ላይ ታይሪስተሩ በሠራ ቁጥር ተጨማሪ ረብሻ ይፈጥራል። ረብሻው ራሱን የሚመግብ ሆነ ማለት ነው።

መጀመሪያ እቶኑን መጠየቅ

ይህን ሐሰት ለማጋለጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሙቀት ሒሳብ ይበቃል። አንድ ኪሎግራም ብረት በዚህ የሙቀት ደረጃ አንድ ዲግሪ ለመጨመር 600 ጁል ገደማ ይፈልጋል። 200 ኪሎግራሙ እንግዲህ 120,000 ጁል ይፈልጋል። የ30 ኪሎ ዋት እቶን በሴኮንድ 30,000 ጁል ስለሚሰጥ፣ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ ብረቱ በሴኮንድ ከሩብ ዲግሪ በላይ ሊሞቅ አይችልም። በአምስት ሴኮንድ ውስጥ 58 ዲግሪ የተለወጠ ብረት አይኖርም። ራሱ ቴርሞካፕሉም ቢሆን ወፍራም መከላከያ ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ እንዲህ ፈጥኖ መከተል አይችልም። ስለዚህ ገና አንድ ሽቦ ሳንነካ ስክሪኑ የሚናገረው የእቶኑን ሙቀት እንዳልሆነ አረጋግጠናል።

በቅደም ተከተል መፈለግ

ፍለጋው ሲጀመር የመጀመሪያው መሣሪያ እርሳስና ወረቀት ነው። ረብሻው መቼ ይመጣል? ማሞቂያው ሲበራ ነው ወይስ ማራገቢያው ሲነሣ? በጠዋት ነው ወይስ ጎረቤት ያለው ብየዳ ሲጀምር? ሰዓቱንና በዚያን ጊዜ የሚሠራውን መሣሪያ ሁሉ መመዝገብ ግማሹን ሥራ ያቃልላል።

ቀጥሎ መንገዱን ከሁለት እንከፍላለን። የቴርሞካፕሉን ሽቦ ከመቆጣጠሪያው ላይ ፈትተን የመቆጣጠሪያውን ሁለት መግቢያዎች በአጭር የመዳብ ሽቦ እናገናኛቸዋለን። ማሞቂያው በዚህ ጊዜ በኮምፒውተሩ እንዳይመራ ማድረግ ግድ ነው፤ አለበለዚያ መቆጣጠሪያው እቶኑ ቀዝቅዟል ብሎ ሙሉ ኃይል ይለቃል። ጤነኛ መቆጣጠሪያ በዚህ ጊዜ የራሱን መግቢያ ሙቀት፣ ማለትም የቁጥጥር ሣጥኑን ሙቀት፣ ሳይናወጥ ያሳያል። ማሞቂያውንና ሌሎቹን መሣሪያዎች በእጅ እያበራን ስናየው አሁንም ከተናወጠ፣ ረብሻው የሚገባው በኃይል አቅርቦቱ፣ በመሬት መስመሩ ወይም በኮምፒውተር መገናኛው በኩል ነው። ከረጋ ግን ጥፋቱ ከሣጥኑ ውጭ ነው።

ከሣጥኑ ውጭ ከሆነ ሽቦውን መልሰን እናስርና በዚያኛው ጫፍ፣ እቶኑ አጠገብ፣ ቴርሞካፕሉን አላቅቀን የገመዱን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ እናገናኛለን። አሁን ከተናወጠ ረብሻውን የሚሰበስበው ገመዱ ነው። ከረጋ ደግሞ ጥርጣሬው በቴርሞካፕሉና በእቶኑ ላይ ይወድቃል። ከዚህ በኋላ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ማየት ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የሚለውጥ ሰው ችግሩ ቢጠፋ እንኳ በየትኛው እንደጠፋ አያውቅም።

የመሬት ቀለበት ከተጠረጠረ ቀላል ፈተና አለ። በመስመር የሚሠራውን ኮምፒውተር አላቅቆ በምትኩ በባትሪ ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ማያያዝ ነው። ረብሻው በዚህ ከጠፋ ቀለበቱ ተገኘ። በአየር የሚመጣውን ረብሻ ለመፈለግ ደግሞ ርካሽ የኪስ ሬዲዮ ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል። በመካከለኛ ሞገድ ላይ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ተደርጎ ወደ ገመዶቹ ሲጠጋ፣ ሞገድ የሚቆርጥ ታይሪስተር እንደ ንብ ሲጮህ፣ ኮንታክተር ሲከፈት ደግሞ ጠቅ ሲል ይሰማል።

ሲግል ብቻ የሚመጣ ረብሻ

እጅግ አሳሳች የሆነው ረብሻ እቶኑ ቀዝቃዛ ሳለ የማይታየው ነው። በ300 ዲግሪ ሁሉም ሰላም ነው፤ በ500ም እንዲሁ። ከዚያ በላይ ሲኬድ ግን ቀስ በቀስ ይጀምርና ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይባባሳል። ጠዋት እቶኑ ሳይሞቅ የመጣ ባለሙያ ምንም አያገኝም።

ምክንያቱ የእቶኑ ሸክላና ሴራሚክ ናቸው። በክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክ የማያሳልፉት እነዚህ ነገሮች ሲግሉ ተቃውሟቸው በብዙ እጥፍ ይወርዳል። በብረት ቱቦ በታሸጉ ቴርሞካፕሎች ውስጥ ሽቦዎቹን የሚለየው ማግኒዥየም ኦክሳይድም ከዚህ ነጻ አይደለም። በዚህ ጊዜ ከማሞቂያ ሽቦው ወደ ቴርሞካፕሉ ትንሽ ከረንት ይሾልካል፤ ሁለቱም የቴርሞካፕል ሽቦዎች አንድ ላይ ከመሬት በላይ ወደ ብዙ ቮልት ከፍ ሊሉ ይችላሉ።

ይህ የመለኪያ ስሕተት ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው። ባለሙያው ሚሊ ቮልት ብቻ የተሸከመ መስሎት በእጁ የሚይዘው ሽቦ የመስመር ቮልቴጅ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የጋለ እቶን ቴርሞካፕል ከመነካቱ በፊት ኃይሉ መቋረጥ አለበት። የሾልኮሹን መጠን መለካት ካስፈለገም፣ ከሽቦው እስከ መሬት ያለውን ተለዋዋጭ ቮልቴጅ የሚለካው ለዚህ የሠለጠነ ሰው ነው። መፍትሔው የቴርሞካፕሉን መከላከያ ብረት ከመሬት ጋር ማያያዝ፣ ከማሞቂያው ማራቅና መግቢያው ከቀሪው ዑደት በኤሌክትሪክ የተነጠለ መቆጣጠሪያ መጠቀም ነው።

መድኃኒቱና አወሳሰዱ

መድኃኒቱ የሚጀምረው ከምንጩ ነው። የማሞቂያው ዓይነት ከፈቀደ ታይሪስተሩ በዜሮ ላይ እንዲያበራ ማድረግ ይመረጣል። ሁሉም ማሞቂያ ግን አይፈቅድም፤ ለምሳሌ ከሞሊብዲነም ዳይሲሊሳይድ የተሠሩት ቀዝቃዛ ሳሉ ተቃውሟቸው በጣም አነስተኛ ስለሆነ ሞገዱን በመቁረጥ ከረንቱን መገደብ ያስፈልጋል። የኮንታክተር መጠምጠሚያ ሲቋረጥ የሚፈጥረውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ለማብረድ፣ በተለዋዋጭ ከረንት ለሚሠራው ሬዚስተርና ካፓሲተር ተከታትለው በመጠምጠሚያው ጫፎች ላይ ይታሰራሉ፤ በቀጥተኛ ከረንት ለሚሠራው ዳዮድ ይበቃል።

ቀጥሎ መንገዱን መዝጋት ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ለስልክ መስመር የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ፣ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ማጠምዘዝ፣ ዛሬም ከሁሉ የረከሰና የበለጠ መድኃኒት ነው። በተጠማዘዘ ገመድ ውስጥ አንዱ ትንሽ ቀለበት የሰበሰበውን ቮልቴጅ ቀጣዩ ተገላቢጦሽ ይሰበስበውና ይጣፋሉ። የኃይል ገመድና የመልእክት ገመድ በአንድ ቱቦ መሄድ የለባቸውም። መሻገር ካለባቸው በቀጥታ ማዕዘን ይሻገሩ። በገመዱ ዙሪያ ያለው ሺልድ የሚባለው የብረት መረብ የኤሌክትሪክ መስክን ይከላከላል፤ ለቴርሞካፕል መልእክት ግን በአንድ ጫፍ ብቻ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት። በሁለቱም ጫፍ ከታሰረ ራሱ የመሬት ቀለበት ይሆናል። ርቀቱ ረጅም ከሆነ መልእክቱን እቶኑ አጠገብ ወደ 4–20 ሚሊ አምፔር ከረንት መለወጥ ይቻላል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ያለውንም ግንኙነት በብርሃን በኩል በሚያስተላልፍ ኦፕቶካፕለር መነጠል የመሬት ቀለበትን ይበጥሳል።

በመጨረሻ የሚመጣው ማጣራት ነው። የመስመሩ አንድ ዑደት 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። መለኪያው ቅጽበታዊ ናሙና በመውሰድ ፈንታ ለ20 ሚሊ ሰከንድ ወይም ለዚያ ብዜት ያህል ጊዜ እየደመረ ቢያነብ፣ ከዜሮ በላይ ያለው ግማሽ ሞገድ ከዜሮ በታች ባለው ይጣፋል፤ ሐሰተኛው ማዕበልም ይጠፋል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ብዙ ንባቦችን አማካይ አድርጎ ቁጥሩን ማለስለስም ይቻላል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ከዚህ ይጀምራሉ፤ ቁጥሩ ሲለሰልስም ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ከልክ ያለፈ ማለስለስ መቆጣጠሪያው ዘግይቶ እንዲያይ ያደርገዋል፤ ዘግይቶ የሚያይ መቆጣጠሪያ ደግሞ እቶኑን ከታዘዘው ሙቀት አሳልፎ ያግለዋል።

ፈጽሞ የማይቆረጠው ሽቦ

የመሬት ቀለበት መኖሩን ያወቀ ሰው የመሣሪያውን የደኅንነት መሬት መስመር ቆርጦ ረብሻውን ሊያስወግድ ይችላል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። ያ ሽቦ የተዘረጋው የመስመር ቮልቴጅ የእቶኑን አካል ቢነካ ከረንቱን ወስዶ ፊውዙ እንዲቋረጥ ለማድረግ ነው። እርሱ ከሌለ ከረንቱ የሚሄድበት መንገድ እቶኑን የነካው ሰው ይሆናል። ቀለበት የሚበጠሰው በመልእክቱ መስመር ላይ እንጂ በደኅንነቱ መስመር ላይ አይደለም።

እንዲሁም የቱንም ያህል ንጹሕ ሥርዓት ብንሠራ ሌላ ቀን ሌላ ረብሻ እንደሚመጣ ማሰብ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ እቶን ከኮምፒውተሩ ፈጽሞ የተለየ፣ የራሱ ቴርሞካፕልና የራሱ ኮንታክተር ያለው ከልክ በላይ ሙቀት መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ኮምፒውተሩ ተታልሎ ሙሉ ኃይል በለቀቀ ጊዜ ኃይሉን የሚያቋርጠው ይኸው ነው።

በየፋብሪካው ለሥራ የሚሰማሩ ተማሪዎቻችን ከእንዲህ ያለው ችግር ጋር መገናኘታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ አዲስ መሣሪያ ከማዘዛቸው በፊት አንድ ቁራጭ የመዳብ ሽቦ፣ አንድ የኪስ ሬዲዮና አንድ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ቢጀምሩ፣ የፋራዳይ ሕግ ከመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ወጥቶ በእጃቸው ውስጥ ሲሠራ ያዩታል።